የወጥ ቤት ሲንክ ስንቀይር፦ ብረቱን በኪሎ፣ ውሃውን በሲፎን



ዛሬ ቅዳሜ ነው። ኒውዮርክም ለንደንም ተዘግተዋል፤ ስለ ቡናና ሰሊጥ አዲስ የምለው ነገር የለኝም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ቤቴ ስለቀየርኩት የወጥ ቤት ሲንክ ልጻፍላችሁ። «ሲንክና የሸቀጥ ዋጋ ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ታገሱኝ። ሲንክ ማለት ኒኬል ነው፣ ክሮም ነው፣ የዶላር ምንዛሪ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ስትገቡ ደግሞ የፓልም ዘይት ነው። እኛ በየቀኑ የምናወራውን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ ቤታችን ውስጥ ያስቀመጠ ዕቃ ነው።

የድሮው ሲንክ ከቤቱ ጋር አብሮ የመጣ ነበር። በማፍሰሻው ቀዳዳ ዙሪያ ዝጎ መብላት ጀምሮ ነበር፤ ከሥሩ ያለው የካቢኔ ቺፕውድም እርጥበት ጠጥቶ እንደ ዳቦ አብጧል። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ያሉት እናት አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ጣራዬ ላይ ቢጫ ነገር እያየሁ ነው፣ ካንተ ቤት ይሆን?» አሉኝ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ማሰንበት አይቻልም፤ የጎረቤት ጣራ ቀለም ከሲንክ በላይ ያስወጣል።

ማግኔት አምጥቼ የድሮውን ነካሁት። ጥብቅ አድርጎ ያዘው። ታሪኩ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ስቴይንለስ ሁሉ አንድ አይደለም። ስቴይንለስ የሚያሰኘው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮም መያዙ ነው። ክሮሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ዝገቱን የሚከለክለው ያ ነው። ሲጫር ራሱን መልሶ ያድሳል። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሬርሊ በ1913 (እ.ኤ.አ.) ሼፊልድ ከተማ ላይ ይህን ብረት ሲያገኝ ይፈልግ የነበረው ሲንክ አልነበረም፤ በተኩስ ብዛት የማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ነበር።

ገበያችን ላይ ለሲንክ የምታገኙት በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። ልክ እንደ ቡና ደረጃ ቁጥር አላቸው። 304 የሚባለው 18 በመቶ ገደማ ክሮምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው፤ ለወጥ ቤት የሚመከረው እሱ ነው። 201 ኒኬሉ ተቀንሶ፣ ከ3.5 እስከ 5.5 በመቶ ብቻ ሆኖ፣ በምትኩ ማንጋኒዝ የተጨመረበት ነው። መልኩ ከ304 አይለይም፤ ሲያብረቀርቅ እንዲያውም ይበልጣል። ዝገት የመቋቋም አቅሙ ግን ያነሰ ነው። 430 ደግሞ ክሮም አለው፣ ኒኬል ግን የለውም ማለት ይቻላል። ማግኔት የሚይዘው ይሄ ነው። የእኔ የድሮው ሲንክ ይሄኛው ነበር።

አሁን ልብ በሉ። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ማግኔት አውጥቶ «ይኸው አልያዘም፣ ኦርጅናል ነው» ይላችኋል። ማግኔቱ የሚለየው 430ን ብቻ ነው እኮ! 201ም 304ም አይያዙም። ሰሊጥን በቀለሙ ብቻ አይቶ «ሁመራ ነው» እንደማለት ነው፤ ነጭነቱን ነገረን እንጂ ከየት እንደመጣ አልነገረንም። በተቃራኒው ደግሞ እውነተኛ 304 ሲንክ ጎድጓዳው በፕሬስ ተጎትቶ ሲወጣ ማዕዘኖቹ ላይ ማግኔት በትንሹ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ማግኔቱን ጠፍጣፋው ላይ ሞክሩ እንጂ ማዕዘን ላይ አትፍረዱ። 201ን ከ304 የሚለይ የጠብታ መመርመሪያ አለ። ጠብታውን ብረቱ ላይ አድርጋችሁ በ9 ቮልት ባትሪ ስትነኩት ማንጋኒዝ ያለው 201 ከሆነ ቀይ ይሆናል። እሱ ከሌላችሁ እኔ ያደረግሁትን አድርጉ፦ ሻጩን ደረሰኙ ላይ «304» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁት። አንዱ ሱቅ «እሱ ምን ያደርግልሃል ወንድሜ፣ ተለጥፎበታል እኮ» ብሎ ተለጣፊውን አሳየኝ። ሁለተኛው ምንም ሳያንገራግር ጻፈ። ከሁለተኛው ገዛሁ። ውል ላይ ያልሰፈረ ደረጃ ዋጋ እንደሌለው ለናንተ አልነግርም።

ለመሆኑ አምራቹ ኒኬሉን ለምን ይሸሸዋል? በዓለም ላይ ከሚመረተው ኒኬል ወደ ሁለት ሦስተኛው የሚገባው ስቴይንለስ ውስጥ ነው፤ ዋጋው ደግሞ እንደ ቡናችን የሚያብድበት ጊዜ አለው። መጋቢት 8 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) የሆነውን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የዩክሬን ጦርነት በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ማለት ነው። አንድ ግዙፍ የቻይና አምራች ዋጋው ይወርዳል ብሎ በብዛት ሸጦ ይዞ ነበር፤ ዋጋው ሲወጣ ሽያጩን ለመዝጋት ሽሚያ ተፈጠረ፣ ቶኑ በሰዓታት ውስጥ ከ100 ሺህ ዶላር አለፈ። የለንደን ብረታ ብረት ገበያ ንግዱን አቆመ፤ አልፎ ተርፎ የዚያን ቀን ግብይቶች ሰረዘ። የተሰረዘባቸው ከሰሱ፤ በ2023 የለንደን ፍርድ ቤት ለገበያው ፈረደ። በፊውቸርስ ሽጠው የሚጠብቁ ኤክስፖርተሮች ይህቺን ታሪክ ቢያውቋት ጥሩ ነው፤ በእጃችሁ ዕቃ ቢኖርም የማርጅን ጥሪው ዕቃው እስኪደርስ አይጠብቅም።

ከዚያ ወዲህ ኒኬል ቀዝቅዟል። ኢንዶኔዥያ ከጥር 2020 ጀምሮ ጥሬ ማዕድኑ እንዳይወጣ ከልክላ ፋብሪካዎቹን ወደ አገሯ ሳበች፤ አሁን ከዓለም የማዕድን ኒኬል ከግማሽ በላይ ከሷ ነው የሚወጣው። አቅርቦቱ በዝቶ በ2025 ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 ሺህ ዶላር ብዙም አልራቀም።

እስቲ አብረን እናስላ። 1 ሜትር በ50 ሳንቲም የሆነ፣ 0.8 ሚሊ ውፍረት ያለው ሲንክ ወደ 3.2 ኪሎ ይመዝናል። 304 ከሆነ 8 በመቶው፣ ማለትም 256 ግራም ኒኬል ነው። ቶኑ በ15 ሺህ ዶላር ሲታሰብ 3 ዶላር ከ84 ሳንቲም። 201 ከሆነና ኒኬሉን 4 በመቶ ብንይዘው ግማሹ፣ 1 ዶላር ከ92 ሳንቲም። በኒኬል ብቻ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ዶላር አይሞላም! ሱቅ ላይ የሚጠየቀው ልዩነት ግን ከዚህ ብዙ ጊዜ እጥፍ ነው። ስለዚህ 201ን በ304 ዋጋ የሚሸጥላችሁ ሰው የሚያተርፈው ከኒኬሉ ሳይሆን ከስሙ ነው። የይርጋጨፌን ስም ጆንያ ላይ ጽፎ ሌላ ቡና መሙላት ዓይነት ነገር።

ታዲያ ሲንኩን ያስወደደው ምንድን ነው? ያው ምንዛሪው ነዋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር በዚያው ቀን 74 ገባ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ 100 አለፈ። የቀረጥ ስሌቱም በብር ተመንዝሮ ስለሆነ አንዱ ሲወጣ ሌላውም አብሮ ይወጣል። ግን ከዚያ በፊትም ሲንክ ርካሽ አልነበረም፤ ምክንያቱን እዚህ ቻናል ላይ ያላችሁ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ዶላር በባንክ ወረፋ በሚጠበቅበት ዘመን ቡናና ሰሊጥን ከአገር ውስጥ ዋጋ በታች ልኮ፣ ያገኘውን ዶላር የገቢ ዕቃ አምጥቶ ኪሳራውን የሚያካክስ ነጋዴ ጥቂት አልነበረም። የሚመጣው ዕቃ ብዙ ጊዜ የሕንፃ መሣሪያ ነበር። በግልጽ አማርኛ፣ በቡናው ላይ የተከሰረው ገንዘብ ሲንኩ ላይ ተጭኖ ወጥ ቤት ውስጥ ያለችው እናት ትከፍለው ነበር። በውጭ ገበያ ደግሞ የራሳችንን ዋጋ ራሳችን ሰበርነው። አሁን ያ ክፍተት ጠብቧል፤ የሲንክ ዋጋ ግን ወደ ኋላ ሲመለስ አላየሁም። የብር ዋጋ እዚህ ላይ አልጽፍም፤ እናንተ ጋ እስኪደርስ ይቀየራል።

ወደ ሱቁ ልመልሳችሁ። ከደረጃው ቀጥሎ ወሳኙ ነገር ውፍረት ነው፤ ሻጩ ሁሉ «0.8 ነው» ይላል። ማንም ሱቅ ውስጥ ካሊፐር አያወጣም፤ ጠርዙም የታጠፈ ስለሆነ ለመለካት አይመችም። ሚዛን ግን አይዋሽም። የስቴይንለስ እፍጋት ለአንድ ኩብ ሜትር 7,900 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ የሲንኩን ርዝመት በስፋቱ አባዙት (1 ሜትር በ0.5 ሜትር 0.5 ይሆናል)፣ ያንን በ7.9 አባዙት፣ ከዚያ ኪሎውን ለዚያ አካፍሉት፤ የሚመጣው ቁጥር ውፍረቱ በሚሊ ነው። ቧንቧውንና ማፍሰሻውን አውጥታችሁ ባዶውን መዝኑ። የታጠፈው ጠርዝ ትንሽ ስለሚጨምር ከሚመጣው ቁጥር ትንሽ ቀንሱ።

ሁለት ሲንክ አስመዘንኩ። ሁለቱም በመጠን እኩል፣ ሁለቱም «0.8» የተባሉ። አንዱ 3.3 ኪሎ መጣ፤ ስለዚህ እውነትም 0.8 ነው። ሌላው 2.1 ኪሎ፤ 0.5 ሚሊ ገደማ። ቀላሉ በዋጋ የሚቀንሰው 20 በመቶ ብቻ ነበር፤ በክብደት ግን 36 በመቶ ይቀንሳል። በኪሎ ብናስበው ርካሽ የተባለው ከውዱ በ25 በመቶ ይወደዳል ማለት ነው። ባለሱቁ ሚዛኑን ያመጣው ከጎረቤት ሚስማር ሻጭ ነበር፤ ሲስቅብኝ ቆይቶ ቁጥሩን ሲያይ ዝም አለ። ስሱ ሲንክ ምን ችግር አለው ትሉኝ ይሆናል። ድስት ሲወድቅበት ይጎደጉዳል፤ ከዚያ በላይ ግን በረገጣችሁት ቁጥር ስለሚተጣጠፍ ማፍሰሻው ላይ ያለው ጎማ ቀስ በቀስ ይላላል። ከታች ቤት ጣራ ላይ የሚታየው ቢጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ልክ ያዙ፦ የድሮውን የውጭ ጠርዝ፣ የማርብሉን ወይም የካቢኔውን ቀዳዳ፣ እና ጎድጓዳው በግራ ነው በቀኝ የሚለውን። የመጨረሻውን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ፍሳሹ ቱቦ ግድግዳ ላይ የተቀበረበት ቦታ አይንቀሳቀስምና። ቀዳዳው ከጠርዙ በየጎኑ አንድ ሳንቲም ገደማ መጥበብ አለበት፤ ሲንኩ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። አዲሱ ቢሰፋና ማርብል መቁረጥ ቢያስፈልግ ግራይንደር ላለው ባለሙያ ስጡት፤ የሚቆጠበው ገንዘብ ከሚሰነጠቀው ማርብል ያንሳል።

ማንሳቱ ቀላል ነው። ውሃውን ዝጉ፣ ቧንቧውን ከፍታችሁ የቀረውን አፍስሱ፣ ባልዲ ከሥር አድርጋችሁ ሲፎኑን ፍቱ፣ የድሮውን ሲሊኮን በቢላ ቁረጡና አንሱት። ያበጠውን ቺፕውድ እዛው አትተዉት፤ እርጥብ እንጨት ላይ ሲሊኮን አይዝም።

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር። ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ የሚሸት አለ፤ የአሴቲክ አሲድ ነው። ማርብልና ሲሚንቶ ላይ አይሆንም፣ አሲዱ ድንጋዩን ይበላዋል። «ኒውትራል» የሚል የተጻፈበትን ጠይቁ። ከቀባችሁ በኋላ 24 ሰዓት ሳትነኩት ቆዩ፤ ቤተሰብ ሻይ ላፍላ ቢልም። ቴፍሎኑን ደግሞ ጥርሱ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሙ። ጫፉ ላይ ጎማ ያለው ተጣጣፊ ቱቦ ግን ቴፍሎን አያስፈልገውም፤ የሚያሽገው ጎማው ነው። በእጅ አጥብቃችሁ በቁልፍ ሩብ ዙር ጨምሩ፣ በቃ። ከዚያ በላይ ጉልበት ጎማውን ይቆርጠዋል።

ሲፎን ላይ ግን ቆም ልበል። ብዙ ቤት የሚበላሸው ሲንኩ ሳይሆን ሲፎኑ ነው። ከሲንኩ ሥር ያለው ጥምዝ ውስጥ 5 ሳንቲም ያህል ውሃ ሁልጊዜ ይቆያል፤ የፍሳሹን ሽታ የሚዘጋው ያ ውሃ ነው። አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ በ1775 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። ገበያው ላይ እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጥ የፕላስቲክ ቱቦ በሲፎን ምትክ ይሸጣል። ለመግጠም ይመቻል፤ ግን እጥፋቶቹ ውስጥ ቅባት ይጋገራል። ውስጡ ለስላሳ የሆነ፣ ከታች የሚፈታ ክዳን ያለውን ግዙ።

ቅባቱ ከየት መጣ? ከዘይቱ። የሚረጋው ዘይት፣ ማለትም ፓልሙ፣ የሚቀልጠው 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ጠዋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ከግማሽ በታች ነው። የወጥ ድስት ስታጥቡ በሙቅ ውሃ ቀልጦ ይወርዳል፣ ሁለት ሜትር ሄዶ ቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ይረጋል። ሙቅ ውሃ ማፍሰስ የሚያደርገው ግግሩን ወደ ፊት መግፋት ነው፤ ያም ወደ ጋራ ቱቦው፣ ወደ ጎረቤት። ቅቤም እንደዚያው። የኑግ ዘይት አይረጋም፤ ኑግ አምራች ማኅበራት ይህንን ለማስታወቂያ ብትጠቀሙበት አልቃወምም።

ሁለተኛው የእኛው ቡና ነው። የጀበና አተላ አይሟሟም። ከረጋው ቅባት ጋር ተቀላቅሎ ሲሚንቶ የሚመስል ነገር ይሆናል። የድሮው ሲፎን ሲከፈት የወጣው ጥቁር ጭቃ ግማሹ ቡና ነበር ብል አላጋነንኩም። አተላውን አበባ ማሰሮ ውስጥ ድፉ፤ ድስቱን ከማጠባችሁ በፊት ዘይቱን በሶፍት ጥረጉ።

ሙከራው እንዲህ ነው። ማፍሰሻውን ዝጉና ጎድጓዳውን እስከ ላይ ሙሉ፣ ከሥር ያሉትን መገጣጠሚያዎች በደረቅ ሶፍት ጠቅልሉ፣ ከዚያ ውሃውን በአንድ ጊዜ ልቀቁት። ጠብታ ካለ ሶፍቱ ይናገራል። በቀስታ የሚወርድ ውሃ ብቻ አይቶ «ጨርሻለሁ» የሚል ቧንቧ ሠራተኛ ካያችሁ ሒሳቡን አትዝጉ። ሌላው ግፊት ነው። ሮቶው ጣራ ላይ ከሆነና ከቧንቧችሁ 5 ሜትር ከፍ ቢል ግፊቱ ግማሽ ባር ብቻ ነው፤ የመስመር ውሃ ሲመጣ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሆናል። በሮቶ ውሃ ደረቅ የነበረ መገጣጠሚያ ፈረቃው በደረሰ ሌሊት ይከፈታል። ስለዚህ የመጨረሻውን ሙከራ የመስመር ውሃ በመጣበት ቀን አድርጉት፤ እስከዚያ ማታ ማታ ዋናውን ዝጉ። የሚጎተት ረጅም ቧንቧ ያማራችሁም በግማሽ ባር ክር የምታክል ውሃ ነው የሚሰጣችሁ።

አዲሱ ሲንክ ዕድሜ እንዲኖረው ሁለት ነገር አርቁ፦ በረኪናና ጨው። ሁለቱም ክሎራይድ አላቸው፤ ያንን የክሮም ሽፋን እየበሱ መርፌ የወጋው የሚመስል ጉድጓድ ይሠራሉ፤ 304ንም ቢሆን። በረኪና ያለበትን ጨርቅ ሲንክ ላይ አታሳድሩ። በብረት ሽቦ መፈተግም አይሆንም፤ የሽቦው ብናኝ ቀርቶ እሱ ይዝግና ሲንኩ የዛገ ይመስላል።

የድሮውን ሲንክ «ቁራሌው!» ለሚለው ልጅ ሰጠሁት። ከመሸጡ በፊት ማግኔት ከኪሱ አወጣ። እኔ ከመምህራን ያልሰማሁትን እሱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ተምሮታል። «ጋሼ፣ ይሄ ይይዛል፤ በብረት ዋጋ ነው» አለኝ። ትንሽ ተከራከርን፤ የሱ ዋጋ ትክክል ነበር።

ሰኞ ጠዋት የቡና ዋጋ እንደተለመደው ከ3 ሰዓት በፊት እንለቃለን። የሲንክ ኪሎ መዝናችሁ የሞከራችሁ ካላችሁ መጠኑንና ኪሎውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ሰብስቤ አወጣዋለሁ።